ጋሼ ክራንከንካሴ እና የዓሣው እሾህ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ታምሜ የማላውቅ፣ ስለ ሕክምና ግን አውርቼ የማልጠግብ ሰው ነኝ። ሐኪም ፊት ቀርቤ አላውቅም፤ ስለ ሐኪሞች ግን እኔን ጠይቁኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ወደ ኋላ ስትደርሱበት «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማን ነኝ ብሎ ነው?» እንዳትሉኝ ነው። እኔም እስከዚያ እሑድ ድረስ ማን እንደሆንኩ በደንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የምኖረው ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ትራም ሳጸዳ፣ በኋላ ደግሞ የሚያጸዱትን ስቆጣጠር ጸጉሬ ነጭቶ ጡረታ ወጣሁ። ጡረተኛ መቼም ሥራ አያጣም። አንዱ አትክልት ይተክላል፤ አንዱ መስኮት ላይ ተደግፎ የጎረቤቱን የመኪና አቋቋም ይተቻል። እኔ የጤና ኢንሹራንስ ያዝኩ።

ለማታውቁት ላስረዳ። በዚህ አገር የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። የዙሪክ ሰዎች ክራንከንካሴ ይሉታል። መንግሥት «ላሳክምህ» አይልህም፤ «ግዛ» ይልሃል። ሻጮቹ ብዙ ናቸው። ሕጉ ያዘዘው መሠረታዊ ሽፋን ሁሉም ጋ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አይደለም። «አንድ ዓይነት ዕቃ እንዴት በተለያየ ዋጋ ይሸጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው፤ መልሱን አሳጥሮ የሚነግር ስዊዝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ የመጪው ዓመት ዋጋ በደብዳቤ ይመጣል። ጨምሮ ነው የሚመጣው። ያኔ አበሻው በሙሉ ፖስታውን ይዞ ወደኔ ወጥ ቤት ይጎርፋል። ከሽዋመንዲንገን ብቻ አይደለም፤ ከአፎልተርን ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የሚመጣ አለ። መነጽሬን አጠልቄ «እዚህ ጋ ፈርሚ፤ እዚህ ጋ እንዳትፈርሚ» እላለሁ። ስሜ ከተረሳ ቆይቷል። የሚጠሩኝ «ጋሼ ክራንከንካሴ» ብለው ነው።

ለራሴ የመረጥኩት ደግሞ የረቀቀውን ነው። ፍራንሺዝ የሚሉት ነገር አለ፤ ኢንሹራንሱ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት በዓመት ውስጥ አንተ ከራስህ የምትከፍለው ማለት ነው። ትልቁን ፍራንሺዝ የመረጠ ወርሃዊ ክፍያው ይቀንስለታል። እኔ ትልቁን መረጥኩ። በዚያ ላይ «መጀመሪያ ደውል» የሚባለውን ውል ጨመርኩበት። ሐኪም ዘንድ ከመሄድህ በፊት ስልክ ደውለህ ታስፈቅዳለህ፤ ዋጋው እንደገና ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት፦ የማልታመም ሰው፣ ትልቅ ፍራንሺዝ፣ የማልደውልበት ስልክ። ስዊዞችን በገዛ ጨዋታቸው ያሸነፍኩ መስሎኝ በየወሩ ፈገግ እያልኩ እከፍል ነበር።

እሺ፣ ወደ እሑዱ ልምጣ። ዐቢይ ጾም ነው። አብሮ አደጌ መኮንን «ከለንደንም ከአዲስ አበባም ሰው መጥቶልኛል፤ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ እንብላ» ብሎ ጄኔቫ ጠራኝ። መኮንን ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ለዛቫንሼ የሚባለው የሕንፃ መንደር ውስጥ ሰፋ ያለ ቤት አለው። ባቡር ተሳፈርኩ። እኔ ዙሪክ ውስጥ ጀርመንኛዬ የሚያስከብረኝ ሰው ነኝ፤ ባቡሩ ፍሪቡርን አልፎ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ክልል ሲገባ ግን ድንገት መሃይም እሆናለሁ። ትኬት ተቆጣጣሪው «ግሩኤጺ» ማለቱን ትቶ «ቦንዡር» ሲለኝ ፈገግ ብዬ ትኬቴን ማሳየት ብቻ ነው።

ማዕዱ ላይ አምስት ነበርን። አንዱ መኮንን ነው። ሁለተኛው ይልማ፣ የመኮንን ታናሽ ወንድም፣ ለንደን የሚኖረው። ሦስተኛዋ እትዬ የሺ፣ የሁለቱም ታላቅ እህት፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ። አራተኛዋ ስንዱ ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ከሐይቁ ማዶ አንድ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ ሴት። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ብቻ ነው። ያቺን አንድ ቀን ደግሞ መኮንን ቤት መጥታ እኛን ስታበላ ትውላለች። ማንም «ለምን?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ እጇ እንደሚጣፍጥ ግን ሁላችንም እንመሰክራለን። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ስንዱ ዓሣ ጠብሳ ነበር። ጎን ጎኑ በቢላ ተጫጭሮ፣ ሚጥሚጣ ተነስንሶበት፣ ሙሉውን ከነጭራው የቀረበ ዓሣ። እትዬ የሺ ሳህኑን ገና እንዳዩት ፊታቸውን አዞሩ።

«ዓሣ ሥጋ ነው፤» አሉ። «እኔ በሽሮዬ እጾማለሁ። እናንተ እንደ ፈረንጆቻችሁ ሁኑ።»

«እትዬ፣ ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ እኮ፤» አለ ይልማ።

«አሉ። እነሱንም አንድዬ ይጠይቃቸዋል።»

ክርክሩ ከዓሣ ወደ ሕክምና እንዴት እንደተሻገረ በትክክል አላስታውስም። የይልማ ጉልበት ይመስለኛል ያመጣው። ወንበር ላይ ሲቀመጥ «እህ» ብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን «እህ» አላልፍም።

«ለሐኪም አሳየኸው?» አልኩት።

«ወረፋ ይዣለሁ፤» አለ ይልማ። «እኛ ጋ ነጻ ነው። ሐኪሙ ነጻ፣ ምርመራው ነጻ፣ ቀዶ ጥገናው ነጻ። አንድ ሳንቲም አልከፍልም። ከግብር ነው።»

«መቼ ነው የሚያዩህ?»

«ይጠሩኛል።»

«መቼ?»

«ነጻ ነው አልኩህ እኮ!»

መኮንን ሳቀ። «የኛ ድርጅት ኢንሹራንስ ከጡረታም በኋላ አብሮኝ አለ። የሄድኩበት ሄጄ ደረሰኙን እልካለሁ፤ እነሱ ይመልሱልኛል። ባለፈው ሳይመልሱ ሁለት ሳምንት ቢያቆዩኝ ይቅርታ ጠይቀው ጻፉልኝ።»

«እኛ ጋ፣» አሉ እትዬ የሺ፣ «መጀመሪያ ካርድ ታወጣለህ። ቀጥለህ ትከፍላለህ። ሐኪሙ ያይህና ምርመራ ያዝልሃል፤ ወርደህ ትከፍላለህ። ውጤት ይዘህ ትወጣለህ፤ መድኃኒቱን ውጭ ግዛ ትባላለህ፤ ትወርዳለህ። በሽታው ባይድን እንኳ ደረጃው እግርህን ያጠነክረዋል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔ ለሐሞት ጠጠር ተኝቼ በነበረ ጊዜ ብቻዬን የሆንኩባት አንዲት ሰዓት የለችም። ከክፍሉ የተረፈው ቤተሰቤ ሁሉ በሩ ላይ ነበር። እዚህ አገር ሰው ብቻውን ታሞ ብቻውን ይድናል አሉ።»

እንግዲህ ተራው የኔ ሆነ። ቁጭ ብዬ ልናገር እችል ነበር፤ ግን ሁሉንም ለማሸነፍ ስለፈለግሁ ተነሣሁ። በግራ እጄ ወንበሩን፣ በቀኝ እጄ ዓሣውን ይዤ፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ አድርጌ ጀመርኩ።

«የስዊዝን የሚያክል የለም!» አልኩ። «ወረፋ የለም፣ ደረጃ የለም! ምስጢሩ አመራረጡ ላይ ነው። ማወቅ ነው! እኔን ተመልከቱ፣ ትልቅ ፍራንሺዝ፣ ትንሽ ክፍ—»

«ያ» የምትለው ፊደል አልወጣችም። አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የቆመ ብቻ አይደለም፤ ወግቶኝ ቆመ።

ይልማ «ክፍ ምን?» አለ።

ጣቴን ወደ ጉሮሮዬ ቀሰርኩ። መጀመሪያ የገባቸው እትዬ የሺ ናቸው። በቀስታ አማተቡ። ፊታቸው ላይ ኀዘን ነበረ፤ ከኀዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር አየሁ፤ የተፈረደለት ሰው እርካታ የሚመስል።

«አላልኳችሁም?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ደቂቃ የሆነውን ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር። መኮንን ጀርባዬን ደበደበኝ። ይልማ «እጅህን ወደ ላይ!» አለኝ፤ እንደ ተማረከ ወታደር ሁለት እጄን አነሣሁ። አንዱ ሙዝ አጎረሰኝ፤ አንዱ ውኃ አፈሰሰብኝ። እትዬ የሺ ዳቦ ቆርሰው በመዳፋቸው ድቡልቡል አደረጉና «ሳታኝክ ዋጥ!» ብለው አዘዙኝ። ዓይኔ እያነባ ዋጥኩ። አሁንም ይወጋኛል። ድምፄም ሰለለ፤ የቀረችኝ ከበር ሥር የምትገባ ነፋስ የምትመስል ሹክሹክታ ብቻ ናት።

«ሐኪም ቤት እንሂድ፤» አለች ስንዱ።

«አይሆንም!» አልኩ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ መደወል አለብኝ። ሳልደውል ከሄድኩ ውሉ ይፈርሳል።»

«ጋሼ፣ እሾህ እኮ ነው የዋጡት!»

«ውል ውል ነው።»

ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው ማሽን ነው። በጀርመንኛ «የደወሉበትን ምክንያት በአጭሩ ይናገሩ» አለኝ። ተናገርኩ። ከአፌ የወጣው «ኽህህህ» የሚል ነው። ማሽኑ ትንሽ አሰበና «የአድራሻ ለውጥ ለማስመዝገብ ነው የደወሉት፤ ትክክል ነው?» አለ። እንደገና «ኽህህህ» አልኩ። «አዲሱን አድራሻዎን ይናገሩ» አለኝ። እንዲህ እየተባባልን ቆይተን በመጨረሻ አንዲት ነርስ መጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የዓሣ እሾህ በጀርመንኛ «ግሬተ» ይባላል። ግሬተ ደግሞ የሴት ስምም ነው፤ የድሮ ሴቶች ስም። ይህን የማውቀው ኑሮ አስተምሮኝ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም።

«ምን ላግዝዎት?» አለች ነርሷ።

«ግሬተ፣» አልኩ እያፏጨሁ። «ግሬተ ጉሮሮዬ ላይ ናት።»

«ይቅርታ፣ ጉሮሮዋን የታመመችው ወይዘሮ ግሬተ ናት?»

«አይደለም፣ እኔ ነኝ! ግሬተን ዋጥኳት!»

 ነርሷ ድምፅዋን እንደ እናት አለዝባ፣ «እሺ ጌታዬ። ይረጋጉ። አሁን አጠገብዎ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አራት አሉ።»

«እነሱ ደህና ናቸው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ያለችኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ «ዓሣ! ዓሣ! ዓሣ!» አልኩ። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ የተቀመጠች ይመስለኛል።

«ይተነፍሳሉ? ምራቅ ይውጣሉ?»

«እውጣለሁ፤ ግን ይወጋኛል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።»

«ፈቀዱልኝ ማለት ነው? የፈቃድ ቁጥሩን ይስጡኝ።»

«ጌታዬ፣ ለድንገተኛ ነገርማ ፈቃድ አያስፈልግም። መደወልም አልነበረብዎትም። ውሉ ላይ ተጽፏል እኮ። አላነበቡትም?»

ስልኩን ዘጋሁ። አራቱም ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ደግነቱ ከመካከላቸው ጀርመንኛ የሚያውቅ የለም።

«ምን አለችህ?» አለ መኮንን።

«ፈቅዳልኛለች፤» አልኩ።

መኮንን መኪናውን አስነሣ። ሠላሳ ዓመት ጄኔቫ ቢኖርም የሠራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ከሰላምታ አታልፍም። ስለዚህ አስተርጓሚ ትሆነኝ ዘንድ ስንዱ አብራኝ መጣች። የሷ ፈረንሳይኛ ከገበያና ከጌቶቿ ቤት የተለቀመ ነው፤ ይሠራል። ሆስፒታሉ በር ላይ መኮንን «እናንተ ግቡ፤ መኪናዬን አቁሜ መጣሁ» ብሎ አወረደን። ጄኔቫ ውስጥ መኪና አቁሜ መጣሁ የሚል ሰው ስንቅ መያዝ አለበት። ያን ዕለት ሆስፒታሉ ውስጥ ዳግመኛ አላየነውም።

መዝጋቢዋ ካርዴን ተቀበለችና የሆነ ነገር ጠየቀች። እኔ ለስንዱ በሹክሹክታ ስለ ውሌ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ፍራንሺዙ፣ ዙሪክ ስለተመዘገብኩ ሒሳቡ እንዴት እንደሚላክ በዝርዝር አስረዳሁ። ስንዱ አንገቷን እየነቀነቀች ጨርሳ ሰማችኝና ወደ መዝጋቢዋ ዞራ ሦስት ቃል ተናገረች።

«ምን አልሻት?»

«ዓሣ በላ፣ አልኳት።»

መዝጋቢዋ ጻፈች። ቀጥላ ደግሞ በሽታ ነው ወይስ አደጋ ብላ ጠየቀች። ይህ እንኳ የኔ መስክ ነው። «አደጋ ነው በያት፤» አልኩ።

ሁለቱ ተነጋገሩ። ስንዱ ከንፈሯን ነክሳ ወደኔ ዞረች። «አደጋ የሚባለው ያልተጠበቀ ነገር ሲሆን ነው ትላለች። ዓሣው እሾህ አይኖረውም ብለው ጠብቀው ነበር ወይ ትላለች።»

ያን ሁሉ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ያነበበው ሰውዬ እጁን ሰጠ። «በሽታ በያት፤» አልኩ።

መጠበቂያው ክፍል ሙቀቱ ሙሉ ነው፤ እኔ ኮቴን አውልቄ በሸሚዝ ቀርቻለሁ። ስንዱ ግን አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ወፍራም ሻርፕ አልፈታችም። በሩን ደጋግማ ታያለች። ለኔ የተጨነቀች መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣» አለችኝ ጠጋ ብላ፣ «እዚህ አብሮ የመጣንም ሰው ስም ይመዘግባሉ?»

«አይመዘግቡም። ለምን?»

«እንዲሁ ነው።»

እኔም እንዲሁ ነው ብዬ ተውኩት። አያችሁ፣ ብልጥ ነኝ ያልኩትን ሰውዬ?

ተጠራን። ሐኪሟ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ። ቀጭን ጥቁር ቱቦ አነሣች፤ ጫፉ ላይ መብራት አለው። ወደ አፌ ሳይሆን ወደ አፍንጫዬ ስታመጣው ስንዱን ያዝኳት።

«ተሳስታለች በያት! እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ነው!»

«መንገዱ በዚያ ነው ትላለች። አይንቀሳቀሱ።»

ስለ ቱቦው ብዙ አልናገርም። የስንዱን እጅ በጣም ጨምቄው ስለነበር በማግስቱ ሰማያዊ ሆኖ እንደዋለ ነግራኛለች። ሐኪሟ አየች፣ ዞራ አየች፣ ዝቅ ብላ አየች፤ ከዚያ ቱቦውን አወጣችና ፈገግ አለች።

«እሾህ የለም ትላለች፤» አለች ስንዱ። «ወርዷል። ጭሮዎት ስለሄደ ነው ያለ የሚመስልዎት። በሁለት ቀን ይለቅዎታል።»

የእትዬ የሺ ዳቦ! ይህን ሁሉ ነርስ፣ መዝጋቢ፣ ቱቦና መብራት የቀደመው የእትዬ የሺ ዳቦ ነው! «ለእትዬ የሺ እንዳትነግሪ፤» አልኩ መጀመሪያ። የሐኪሟን ደግነት ያመሰገንኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ሐኪሟ እንድጠጣ ውኃ ቀዳችልኝ፤ ለስንዱም በሌላ ብርጭቆ ቀዳችላት። ስንዱ ሞቋት ነበርና ጠጣች። አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንዱን ጉንጭ ውኃ በሁለት ከፍላ ዋጠችው። የሐኪሟ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወንበሯን አዙራ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ጨርሰዋል፣ መሄድ ይችላሉ ነው የምትለው፤» አለች ስንዱ። ቦርሳዋን አንሥታ ቆማለች።

ሐኪሟ ግን አልተነሣችም። ደገመችው። እኔ የማውቃት ፈረንሳይኛ በጣት የምትቆጠር ናት፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ የለየኋት «ኤ ቩ፣ ማዳም?»፣ «እርስዎስ፣ እመቤት?» የምትለዋን ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ማዳም አይደለሁም።

«ስንዱ፣» አልኩ፣ «የምትናገረው ላንቺ ነው።»

«ጋሼ እንሂድ።»

«ምን አለችሽ?»

ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠች።  ሻርፑን ፈታችው። አንገቷ ላይ በግራ በኩል የትንሽ ሎሚ ያህል አብጧል። እንደ ሰበብ ነገር ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

«ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለት ክረምት።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን ልናገር፣ ጋሼ?» አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣም የለ፤ እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። «እኔ እዚህ የምኖረው በአሠሪዬ በማዳም ወረቀት ነው። ሥራው ካለቀ ወረቀቱም ያልቃል። የታመመች ሠራተኛ ምን ይሠራላቸዋል? ልጄ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ እሷ እስክትጨርስ ይቆየኛል ብዬ ነው።»

ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ጄኔቫ በመጣሁ ቁጥር፣ ዓሣዋን በልቻለሁ። በእነዚያው ሁለት ክረምቶች ለስንት ሰው የኢንሹራንስ ደብዳቤ እንዳነበብኩ አልቆጥረውም። አንድ እሑድ እንኳ «አንቺስ?» አላልኳትም። ታሪኬን ስትሰሙ አትሳቁብኝ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ እዚህች ላይ ብቻ አትሳቁ።

«ኢንሹራንስ አለሽ?»

«ለኔ ዓይነት ሰውም አለ እንዴ?»

«ቦርሳሽን አምጪ።»

ቦርሳዋ ውስጥ የአውቶቡስ ካርድ አለ፣ የሱፐርማርኬት የቅናሽ ካርድ አለ፣ ከሁለቱ ኋላ ደግሞ አንድ ጫፉ እንኳ ያልተነካ ካርድ አለ። ገና ሳየው እንደ ዘመድ አወቅኩት። ክራንከንካሴ! እነሱ ሌላ ስም ይሉታል እንጂ ራሱ ነው።

«ይኼን ማን ሰጠሽ?»

«ማዳም ናቸው። የመጣሁ ሰሞን ሰጡኝና እንዳትጥዪው አሉኝ። አልጣልኩትም። በየዓመቱ ደብዳቤም ይመጣል፤ ፎቶ አንሥቼዋለሁ።»

ስልኳን ተቀበልኩ። ደብዳቤው በፈረንሳይኛ ነው፤ ግን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በምን ቋንቋ ቢጻፍ እኔ መንገዱን አላጣውም። ወርሃዊውን የሚከፍሉት ጌቶቿ ናቸው፤ እዚህ አገር ሕጉ የዲፕሎማት የቤት ሠራተኛን ኢንሹራንስ አሠሪው ላይ ይጥለዋል። ወደ ታች ወረድኩ። ፍራንሺዝ የምትለዋ ቃል እዚህም እዚያም አንድ ናት። ከጎኗ ያለውን ቁጥር አየሁ። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁ። ትንሹ ፍራንሺዝ ነው! ከዚያ በታች የለም! ሳይደውሉ የፈለጉት ሐኪም ጋ መሄድም ይቻላል!

እዚህ ላይ ሰው ምን መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛልም። ግን ለአንድ አፍታ፣ ለአንዲት አጭር አፍታ፣ ቀናሁባት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የባሰው ኢንሹራንስ የኔው የጋሼ ክራንከንካሴ ነው።

«ለማዳም ይነግሩብኛል?» አለች ስንዱ።

«ራስሽ ጠይቂያት።»

ጠየቀቻት። ሐኪሟ አንገቷን በኃይል ነቀነቀች፤ መልሷ ረጅም ነበር። ያለ ስንዱ ፈቃድ ለአሠሪዋ አንድ ቃል አይነገርም። ያበጠው የታይሮይድ ዕጢ ይመስላታል፤ ብዙውን ጊዜ ክፉ ነገር አይሆንም፤ ግን መታየት አለበት፤ ደግሞም ሁለት ክረምት በጣም ረጅም ነው። ስንዱ ሁሉንም ተረጎመችልኝ። «ሁለት ክረምት በጣም ረጅም ነው» የምትለዋ ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ሐኪሟ የስንዱን ብርጭቆ አንሥታ ሌላ ውኃ ሞላችላት። የረቡዕ ቀጠሮ ይዘን ወጣን።

በአውቶቡስ ተመለስን። መንገድ ላይ ስንዱ «ለእነ ጋሼ መኮንን እንዳይነግሩ፤ ሲመቸኝ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እኔ ታዲያ ምስጢር ቢሰጡኝ አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች የማገላብጥ ሰው ነኝ። ቤት ስንገባ መኮንን የለም፤ ገና መኪና እያቆመ ነው። ይልማና እትዬ የሺ ዙሪያዬን ከበቡኝ።

«ወጣ?»

«ወጣ፤» አልኩ።

«በምን አወጡት?»

 እትዬ የሺ ፊቴን አዩት። ከዚያ ስንዱን አዩዋት። ከዚያ በቀስታ፣ «በዳቦው ነው አይደል?» አሉ።

መዋሸት አልቻልኩም፤ ጾም ነው። ይልማ እስኪያስለው ሳቀ። «ለዳቦ ደግሞ ስንት ሊያስከፍሉህ ነው?» አለኝ። «እኛ ጋ ቢሆን ዳቦውም ነጻ ነበር።» መኮንን ገባ። ሦስቱ እንደገና የማን አገር ይሻላል ብለው ተያያዙ። እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ጉሮሮው ነው የያዘው ብለው አዘኑልኝ። ሻይ ሲቀርብ ስንዱ ወንበር ስባ መካከላቸው ተቀመጠች፤ ሁልጊዜ ቆማ ነበር የምትጠጣው። ሻርፑን ፈታ ጉልበቷ ላይ አደረገችና «አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አለች። እንግሊዝ አገር፣ ስዊዝና አዲስ አበባ አብረው ዝም አሉ።

ለማዳም የነገረቻቸው በሳምንቱ ነው። ተቆጡ። ለምን ታመምሽ ብለው አይደለም፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ ብለው ነው። ተቆጥተው ሲያበቁ ደግሞ «ሐሙስ እኮ ግብዣ አለብን» አሉ። ሁለቱንም ያሉት ከልባቸው ነው። ወረቀቷን ግን አልነኩባትም። ምርመራው ክፉ አልሆነም፤ እብጠቱ የምግቡን መንገድ ስለተጫነ ግን መውጣት አለበት ተባለ።

እኔም ዙሪክ ተመለስኩ። የሆስፒታሉ ሒሳብ መጣ፤ ከፍራንሺዜ በታች ስለሆነ በሙሉ የኔ ነው። ከፈልኩ፤ ፈገግ ግን አላልኩም። በዚያው ሰሞን አንዲት የአፎልተርን ሴት ፖስታዋን ይዛ መጣች። እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳትና ሳልከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«መጀመሪያ ተቀመጪ። የሚያምሽ ነገር አለ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለች ደንግጣ። ግን ተቀመጠች፤ ብዙ ነገር እንደነበራትም ሰማሁ። ፖስታውን ያየነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ስንዱ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከዙሪክ በመጀመሪያው ባቡር ሄጄ፣ በር ላይ ስጠብቅ ውዬ ከሰዓት በኋላ ወደ ማገገሚያው ክፍል ገባሁ። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ ዓይኗን ጨፍናለች። ጎን ያለው አልጋ ላይ አንድ የሸመገሉ የበርን ሰው አሉ፤ ጀርመንኛ ተናጋሪ! መጀመሪያ ሰው ሳዳምጥ ስንት ወር የታፈነ አንደበት እንዳለኝ እናንተው ገምቱ። ወንበሬን ሳልይዝ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ምን ዓይነት ፍራንሺዝ እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ተሳስተዋል አልኩ። ለምን እንደተሳሰቱ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ከድነው ሲያቃስቱ በነገሩ የተነኩ መስሎኝ ጨመርኩበት።

በዚህ መካከል ቀዶ ጥገናውን ያደረገው ሐኪም ገባ። ስንዱ አልጋ ጫፍ ላይ ቆሞ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅም ለማያውቅም ሰው ሁሉ በሚገባ ምልክት ጉሮሮውን ነካ። ስንዱ ቀድማ እንደነገረችኝ፣ የድምፅ ነርቭ ከዕጢው ጎን ያልፋል፤ ሲነካካ የሚጎዳ አለ። ስለዚህ ድምፅዋ ይሰማ፣ የፈለገችውን ትናገር፣ አንድ ቃል ይበቃል። ስንዱ ዓይኗን ገለጠች። ነርሷም፣ ሐኪሙም፣ እኔም፣ የበርኑ ሰውዬም ሳይቀሩ ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

«ጋሼ፣» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ሰውዬው ታመዋል። እባክዎ ይተዉአቸውና ቁጭ ይበሉ።»

ሐኪሙ ቃሉ አልገባውም። ድምፁ ግን አስደስቶት ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ቁጭ አልኩ።